እኔ የገዛሁለት ጫማ

ይድረስ ለወንድምዓለም ለሊሳንድሮ፤ ጤናህ እንዴት ነው? የሰው አገሩ ብርድስ ጠናብህ? እኛ ቾሎማ ያለነው እግዜር ይመስገን አለን፤ ጣራውም ማፍሰሱን ትቷል።

እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ለወጣቶቻችን ጸሎት ተያዘ። እንደ ልማዳችን እናቶች ሁሉ «መንገዳቸውን አቅናልን» ብለን የልጆቻችንን ጫማ መሠዊያው ሥር ደረደርን። እኔ የኤልመርን አሮጌ ጫማ ይዤ ሄድኩ።

ጎረቤቴ ዶንያ ቺላ ሳቀችብኝ፦ «አንቺ! ልጅሽ በሚያብለጨልጭ አዲስ ጫማ ሰፈሩን እያመሰ፣ ይሄን አፉን የከፈተ ታመጪያለሽ?»

«እኔ የገዛሁለት ይሄን ነው» አልኳት።

ሳቋ ጠፋ። ጎንበስ ብላ የልጇን ጫማ ገፋ አደረገችና የእኔን መሀል አስገባችው።

እዚያ ለጎበዝ ልጅ ሥራ ይገኝ ይሆን? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ሁላችንም በናፍቆት ሰላም ብለንሃል። ኤልመር ሲገባ የራሱን ሰላምታ እንዲጽፍልህ ከታች ቦታ ትቼለት ከማክሰኞ ጀምሮ ጠበቅሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ቦታው ባዶ እንደሆነ ልኬልሃለሁ።

እህትህ ኦርቴንሲያ