ለጠበኞች በአደራ ስለተሰጠው የውኃ ቁልፍ

ይድረስ ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፤
ግልባጭ፦ በደረጃው ለሚወጣና ለሚወርድ ሁሉ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎና በተለይም እንቅልፍዎ የተሟላ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ እርስዎ የሚኖሩት በወዲያኛው መግቢያ ስለሆነ እኛን የሚያነቃን ነገር እርስዎ ዘንድ አይደርስምና።

እኔ ሁለተኛ ፎቅ ከእናቴ ጋር የምኖረው፣ ከጀርባዬ «ነጭናጫዋ» የምባለው ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእኛ በላይ የሚኖረው አናጢ፣ ሕንፃው በሙሉ መዶሻው የሚለው ሰውዬ፣ አልጋና ወንበር የሚሠራው ሳሎኑ ውስጥ ሲሆን፣ ሳሎኑ ደግሞ በትክክል ከእናቴ መኝታ በላይ ነው። እናቴ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ቀን ቀን እንድትተኛ በታዘዘች ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ እንኳ እንዲያርፍልን ብለምነው «ታዲያ ምን በልቼ ልደር?» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ሰውየውን አልወደውም፤ ሳቁንም፣ ጆሮው ላይ የሚሰካትን እርሳስም አልወድም። የማይወዱትን ሰው ምን ማድረግ ይሻላል ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ መሳደብ አያምርብኝም፣ ቤት መልቀቅ አቅሜ አይደለም። ስለዚህ እንደ ሥልጡን ሰው አቤት ልበል ብዬ ወደ እርስዎ መጣሁ፤ ነገሩም ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

አንደኛ፣ ስለ ጥበብ የተሞላው ውሳኔዎ ከልብ አመሰግናለሁ። የቀድሞዎቹ የውኃ ፓምፕ ጠባቂዎች ወዳጆች ስለነበሩ ተመሳጥረው ውኃውን ወደየቤታቸው እየለቀቁ አስቸግረውዎት ነበር። እኔ ስለ ጩኸት አመልክቼ ሳልጨርስ ፊትዎ በራ፤ የፓምፑ ክፍል በር በሁለት ጓጉንቸር እንዲዘጋ፣ አንዱን ቁልፍ እኔ፣ ሌላውን መዶሻው እንድንይዝ አዘዙ። «የተፋቀሩ አብረው ይሰርቃሉ፤ የተጠላሉ ግን ይጠባበቃሉ» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የእናቴ እንቅልፍ ሳይነሣ ስብሰባው ተበተነ።

ሁለተኛ፣ ከሰውየው እንዲገላግሉኝ የለመንኩዎት እኔ፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ የማየው እርሱን ሆኗል። አንድ ቀን እርሱ ያስጠብቀኛል፣ በማግስቱ እኔ አስጠብቀዋለሁ፤ ሰዉ ባዶ ባልዲውን ይዞ ሁለታችንንም ይረግማል። የአራስ ልጅ እናት የሆነችው ጎረቤታችን «ኧረ በፈጣሪ ታረቁ!» ብትለን፣ ከኋላዋ የቆሙት ጡረተኛ «ዝም በይ አንቺ! ከታረቁ ውኃችን አለቀ» ብለው ተቆጧት። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠብ ሲበርድ እንጂ እንዲህ በአደራ ሲጠበቅ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ አንድ ጠዋት መዶሻው ጓጉንቸሩን እየከፈተ፣ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «እናትሽ ተሻላቸው?» አለኝ። ደነገጥኩ። «እንቅልፍ ቢያገኙ ይሻላቸው ነበር» አልኩት። እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ አገላበጣት፤ ከምሳ በኋላ ያለችውን ሰዓት ሊሰጠኝ አፉን ሲከፍት በዓይኔ አየሁ። ይህንኑ ዘበኛው አይቶ ኖሮ ለእርስዎ ነገረ፤ ወዲያው ሁለታችንን አስጠርተው «ምን እየተስማማችሁ ነው?» ብለው በሕዝብ ፊት አፋጠጡን። ከዚያ ቀን ወዲህ መዶሻው ሌባ አለመሆኑን የሚያስመሰክረው እናቴ በምትተኛበት ሰዓት አጥብቆ በመቀጥቀጥ ነው። አልፈርድበትም፤ እኔም ታማኝነቴን የማስመሰክረው ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት በመደብደብ ሆኗል።

እናቴን እህቴ ዘንድ ወስጃታለሁ። በስልክ «ቤቴ ናፈቀኝ፣ መቼ ነው የምትወስጂኝ?» ትለኛለች፤ እኔም ነገ እላታለሁ። ባዶ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ከላይ የሚወርደውን እሰማለሁ፤ ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ ጨነቀኝ።

ዘመንዎ ይርዘም፣ ወንበርዎ ይጽና፣ እንቅልፍዎን ማንም አይንካብዎ እያልኩ እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጥላቻዋ በኮሚቴው የተመሰከረላት የግራው ጓጉንቸር ቁልፍ ያዥ

ማሳሰቢያ፦ ቁልፉን ላስረክብ ብዬ ስጠይቅዎ፣ መዶሻውን ከእኔ እኩል የሚጠላ ምትክ እንዳመጣ አዝዘውኝ ነበር። ፈልጌ አጣሁ። እናቴን እንኳ ብጠይቃት «ምስኪን፣ ክንዱን አያመው ይሆን?» አለችኝ። የሚጠላ ሰው ታማኝ ጠባቂ ነው የሚለው መርሕዎ እውነት ከሆነ ግን ስለ ራስዎ ደኅንነት ፈጽሞ አይስጉ፤ እርስዎን ለመጠበቅ ሕንፃው በሙሉ ብቁ ነው።