ወንበሩ ባዶ ነው ወይ?

ለእህቴ ልጅ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? እናትሽስ፣ ወገቧን ተሻላት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ስለሚነግረኝ አልጠላውም። ስልኬን እንደማታነሺ ገብቶኛል፤ አልፈርድብሽም። ለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ፤ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ዛሬ ብዙ አልቀልድም። የመጨረሻ ቀን እራት ላይ ያልኩሽ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጋዜጣውን ዘርግቼ፣ ክፍት የሥራ ቦታ በዛ የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩና፣ «ሥራው ሰው አጥቶ ያለቅሳል፣ አንቺ ሥራ አጥተሽ ታለቅሻለሽ፤ የጠፋው የሚያስታርቃችሁ ሽማግሌ ነው» አልኩሽ። ሁሉም ሳቀ። አንቺም የሳቅሽ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ከቤቴ ወጣሽ።

ያ የጋዜጣው ቁጥር ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ፤ ከኔው እግር ነው። ከድርጅት ድርጅት እየዞርኩ ክፍት ቦታ መቁጠር መተዳደሪያዬ ሆኖ ኖሯል። መሥሪያ ቤቱ ሲቀጥረኝ ሦስት ጥያቄ አስጠንቶኛል። ወንበሩ ባዶ ነው ወይ? ሰው ቢገኝ በአንድ ወር ውስጥ ሥራ ይጀምራል ወይ? ከውጪ ሰው እየፈለጋችሁ ነው ወይ? ሦስቱም «አዎ» ካልተባሉ ክፍት ቦታ አይባልም። እኔ ግን ነገሩ ሲደጋገም ሰነፍኩ። ከዘበኛው ጋር ስቀልድ፣ ሻይ ስጠጣ እቆይና በሩ ላይ ማስታወቂያ ካየሁ ቆጥሬ አልፋለሁ። መለጠፉን እንጂ መፈለጉን አልጠየቅሁም።

ከሄድሽ በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። «ሰፊ፣ ቆራጭና የሒሳብ ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወደተሰቀለበት፣ እኔው ሂጂ ብዬ ወደላክሁሽ ልብስ ስፌት ቤት ገባሁ። ጽሑፉ ወረቀት ላይ እንኳ አይደለም፤ ቆርቆሮ ላይ በቀለም ነው። ዛሬ ሰው የቸገረው ለዓመት በሚቆይ ቆርቆሮ አይጽፍም፤ ይህ እንኳ አልታየኝም። ባለቤቱን ሦስቱንም ጥያቄ ስጠይቀው እንደ ሞኝ አየኝ።

«ማስታወቂያው እኮ ለውጪ ሰው አይደለም ጋሼ» አለኝ። «ለውስጦቹ ነው። ጠዋት ሲገቡ ያነቡታል፤ ደሞዝ ጨምር የሚል አይኖርም።»

ከዚያ እየሳቀ ስለ አንዲት ልጅ አወራኝ። ሰው አንፈልግም ሲሏት ሄዳ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። በመጨረሻ ምን ሆነሽ ነው ቢላት፣ «አጎቴ ራሱ ቆጥሮታል፤ ክፍት ነው ብሎኛል» አለችው። የማን ልጅ እንደሆንሽ አላወቀም። «የኔ ናት» ማለት ሲገባኝ አብሬው ፈገግ ብዬ ወጣሁ። ይቅር በይኝ የምለው ይህንን ነው፤ ከእራቱ ቀልድ ይልቅ ይህችን ፈገግታ።

ሰፈሩን እንደገና ዞርኩት። ማስታወቂያ ኖሮት ወንበር የሌለው ሞልቷል። የገረመኝ ግን ሌላው ነው፤ ወንበር ኖሮት ማስታወቂያ የሌለውም አለ። አናጢውን ረዳቱ ጥሎት ከሄደ ከርሟል፤ ያልተላገ ጣውላ ጣሪያ ሊነካ ነው። ለምን አትለጥፍም ስለው፣ በር ላይ አንብቦ የሚመጣን አላምንም፣ የማውቀው ሰው ያመጣልኛል ብዬ ነው አለኝ። የሚያውቃቸው ሁሉ ደግሞ ሥራ ያላቸው ናቸው። ሥራ የሌለውን ማን ያውቀዋል? በልቤ ሰነፍ ያልኩሽ ልጅ፣ ሰው የሌለበትን በር ስታንኳኪ ነበር የከረምሽው። ያሳየሁሽም እኔ ነኝ።

አዲሱን ቁጥር ሳስገባ ኃላፊያችን ለምን ወረደ ብሎ ተቆጣ። ሥራው አልወረደም፣ የወረደው ውሸቴ ነው አልኩት። በር ዘግተን ብዙ ተነጋገርን። ለዚህ ሥራ እንዳንቺ ስታቲስቲክስ የተማረ፣ ጉልበቱም ያልደከመ ሰው ይሻላችኋል አልኩት፤ ተከራክሮኝ ሲያበቃ ተቀበለኝ።

እንግዲህ ስሚኝ። እኛ ቢሮ አንድ የቆጣሪ ቦታ ተከፍቷል። ሦስቱንም ጥያቄ ራሴ ጠይቄአለሁ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ የተገኘው ሰው በዚሁ ወር ይጀምራል፤ ከውጪም ይፈልጋሉ። ታገኚዋለሽ አልልሽም፤ ከሌሎች ጋር ተፈትነሽ ነው። ስሜንም እንዳትጠሪ፤ አሁን እዚያ የሚሰማው የለም። ብቻ ማስረጃሽን ይዘሽ ነይ። ክፍልሽ እንደተውሽው ነው። እኔን ካየሽ የሚቀፍሽ ከሆነ፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ ስለምሞቅ በጓሮ በኩል ግቢ።

የምታንኳኪው በር ሁሉ ከኋላው የሚከፍት ሰው ይኑረው። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ወንድምሽ ቲማቲም ተከለ በያት፣ ትስቃለች።

ያስቀየመሽ አጎትሽ

ሳልረሳው፦ ቢሮው ከገባሽ ወንበሩ በመስኮቱ በኩል ያለው ነው። ወደ ግራ ያዘምማል፤ እግሩ ሥር ያለችውን የታጠፈች ካርቶን እንዳትጥያት።