«ራሷን የቻለች» ተብሎ የተመዘገበብኝ ቃል

ለከተማው የወርክሾፖች ማዛወሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ኅዳር 14

ጉዳዩ፦ «ራሷን የቻለች» የሚለው ምዝገባ ታርሞልኝ ከጫማ ሠሪዎች መንገድ እንዳልነሣ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በጫማ ሠሪዎች መንገድ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ሶል እየቆረጥኩ የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ባለፈው ወር ከቢሮዎ የመጣው መዝጋቢ «ሥራሽ ራሱን የቻለ ነው?» ሲለኝ፣ ከባለቤቴ ሞት ወዲህ የሰው እጅ እያየሁ እንደሆነ የጠየቀኝ መስሎኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «ኧረ ራሴን የቻልኩ ነኝ!» አልኩት። ለካ የጠየቀኝ ሥራዬ ያለ ጎረቤቶቼ ይቆም እንደሆነ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነና፣ በአሥር ቀን ውስጥ ብቻዬን ከከተማ ውጭ ወዳለው አዲሱ የፋብሪካ መንደር እንድዛወር ደብዳቤ ደረሰኝ።

2. ክቡር ሆይ፣ እኔ በሕይወቴ አንድ ሙሉ ጫማ ሠርቼ አላውቅም። ቆዳውን የምትሰፋው የባለቤቴ እህት ከግድግዳዬ ወዲያ ናት። ገበሩ ከፊት ለፊት፣ ተረከዙ ከጥግ ይመጣል። ማስቲሽ ሲያልቅብኝ ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳለሁ፤ ይሰጠኛል። የቆረጥኩትን በግድግዳው ቀዳዳ ለባለቤቴ እህት አሳልፋለሁ፤ ከጠበበ በዚያው ቀዳዳ «አንቺ፣ ይሄ ለሰው ነው ለዶሮ?» ብላ ትመልስልኛለች።

3. ባለቤቴ በወጣትነቱ በጎረቤት አገር፣ ልክ እንደኛው ባለ የጫማ መንገድ ሠርቷል። በሄደበት አገር ሁሉ ሙያተኛ ከሙያተኛ ተጠግቶ እንደሚኖር ይነግረኝ ነበር፤ የአንዱን ጉድለት ሌላው ስለሚሞላ ነው። የዚያን አገር መንገድ ግን ሹሞቹ በየአቅጣጫው በተኑት። በዓመቱ ጫማ ሰፊው ሶል አጥቶ፣ ሶል ቆራጩ ሰፊ አጥቶ፣ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እርሱም ቢላዋውን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ዛሬም የምቆርጠው በእርሱ ቢላዋ ነው።

4. ፈርቻለሁ። አዲሱን ክፍል ሄጄ አየሁት፤ ሰፊ ነው፣ ብርሃንም አለው፣ ውለታችሁን አልክድም። ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳሁ። ማንም አልመለሰልኝም። ትናንት ይህንኑ እያሰብኩ ለአንድ ጥንድ ጫማ ሁለት ቀኝ እግር ቆረጥኩ። የባለቤቴ እህት ሁለቱንም በቀዳዳው መለሰችልኝ። አልቀለደችብኝም፤ እርሷም ፈርታለች።

5. ስለዚህ በትዕቢት የተናገርኩት ቃል ከመዝገቡ ተሰርዞ በቦታዬ እንድቆይ እለምናለሁ። መነሣቱ ግድ ከሆነም መንገዱ በሙሉ አብሮ ይነሣ፤ ግድግዳችንም የሚበሳ ይሁንልን።

ከአክብሮትና፣ ምን እደብቅዎታለሁ፣ ከፍርሃት ሰላምታ ጋር

ራሷን ያልቻለችው
ሶል ቆራጭ
(ፊርማ)