አመልካቹ ሴት ናት

ለተከበሩ የወረዳችን የጦር መሣሪያ ፈቃድ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ጥቅምት 14 ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስሜን ከማመልከቻዬ በቀይ እስክሪብቶ ለሰረዘችው ቀኝ እጅዎ ጤንነት እጸልያለሁ። ያቺ እጅ ገና ብዙ ወረቀት መፈረም ይጠብቃታል።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ላስታውስዎ። የሟቹ የአቶ ወልደሩፋኤል ልጅ ነኝ። አባቴ ባረፉ በሳምንቱ፣ ሕግ አክባሪ አድርገው ስላሳደጉኝ፣ የቡና ማሳችንን እየጠበቁበት ሃያ ዓመት በፈቃድ የያዙትን ጠመንጃ በገዛ እጄ አምጥቼ «በአደራ ተረክበናል» የሚል ደረሰኝ ተቀበልኩ። ከዚያም ፈቃዱ በስሜ እንዲሰጠኝ የዕድሜ፣ የጤና እና ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃዬን አያይዤ አመለከትኩ። እርስዎም ቅጹን አገላብጠው «እህቴ፣ አመልካቹ ይላል እንጂ አመልካቿ አይልም» አሉኝ። ለሰዋስው ትምህርቱ አመሰግናለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው አምስት ዓመት ሕግ ሲያስተምረኝ ይህን ደብቆኝ ኖሯል።

ቅሬታዎቼ እንዳይጠፉብዎ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

1. አዋጆቻችን በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም እንደሚጨምር ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ይናገራሉ። እርስዎ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ ምሳ ሰዓት ደርሶ ይሆናል። ጎረቤታችን እትዬ ተሾመች ነገሩን ሲሰሙ፣ «እንግዲያው በቆሎዬን ከሚጨርሱት ከርከሮዎች ሴቶቹ ብቻ እንዲመጡ ኃላፊው ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ብለዋል። ጥያቄያቸውን በአክብሮት አስተላልፌያለሁ።

2. በአደራ የተረከቡትን ጠመንጃ ለአጎቴ ልጅ ለጉግሳ ፈቀዱለት። ጉግሳ ቢታ ገነት ከተማ ላይ ሱቅ አለው እንጂ ከማሳችን አንድ ቅርጫት ቡና ለቅሞ አያውቅም። ወንድ መሆኑን ግን በትክክል አረጋግጠዋል፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ኅዳር ላይ ያንኑ ጠመንጃ አንግቶ መጣና «ማሳው ለሚጠብቀው ሰው ነው፤ አንቺ ከተማሽ ቦንጋ ግቢ» አለኝ። አልሄድም ስለው አባቴ ዛፍ ላይ በሰቀሉት የንብ ቀፎ ላይ ተኮሰ። ጥይቷ ያለፈችው ከራሴ በላይ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብላ ነው። አባቴ ከርከሮ ሲያባርሩበት የኖሩት ጠመንጃ ልጃቸውን ለማባረር እንዲውል ስላመቻቹ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

3. ይህን ላመለክት ስመጣ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱት» አሉኝ። ጠመንጃው ከቤተሰብ ሲወጣ የመንግሥት ጉዳይ ነበር፤ ሲተኮስብኝ የቤተሰብ ሆነ።

ክቡርነትዎ፣ መሣሪያ መያዝ ከእናቴ ማኅፀን ይዤው የመጣሁት መብት ነው ብዬ አልፎክርም። መንግሥት መቆጣጠር እንዳለበት አምናለሁ፤ ከራሴ በላይ ካለፈችው ጥይት ወዲህ ደግሞ አጥብቄ አምናለሁ። ለሁላችንም ቢከለከል ደረሰኜን ቀድጄ ዝም እል ነበር። ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጠውም የሚከለከለውም ሕጉ በጻፈው ምክንያት ነው። የጦር መሣሪያ ፈቃድ የእርስዎ የልብ ፈቃድ አይደለም።

ስለዚህ ጥይት የበሳውን ቀፎ በጆንያ ጠቅልዬ፣ ደረሰኙንና የተሰረዘውን ማመልከቻ ጨምሬ ለፍርድ ቤት አስገብቻለሁ። ከእንግዲህ ያለ ጽሑፍ የሚነገረኝን እምቢታ አልቀበልም። በእኔ ማሳ ላይ በእኔ አባት ጠመንጃ መታዘዝን አልቀበልም። ሽማግሌ ቢልኩም፣ ከችሎት በፊት የሚመጣ ይቅርታዎን አልቀበልም።

ባስተማሩኝ ሰዋስው ለዘላለም ባለዕዳዎ የሆነችው፣
ሔርሜላ ወልደሩፋኤል
ቦንጋ

ማስታወሻ፦ ክሴ ላይ «ተከሳሹ» ብዬ በወንድ ጾታ ጽፌያለሁ። ይህኛው ሴትን አይጨምርም፤ እርስዎን ብቻ ነው።