ከእማ መንጋጋ ሥር

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20
ዛሬም አበጠ። እማ ምሳ እንደጀመረች ከቀኝ መንጋጋዋ ሥር እንቁላል የሚያህል ነገር ወጣ። በልታ ስትጨርስ ቀስ እያለ ጎደለ። በነጠላዋ ሸፈነችው፤ እኔ ግን አይቻለሁ።
ታናሽ ወንድሜ ምናሉም እዚያው ላይ ነበር ያበጠው። የእሱ አልጎደለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21
ልጻፈው። ምናሉ ያበጠ ዕለት እማ የጠየቀችው እኔን ነው።
«አንተ ተማሪ፣ ምንድን ነው ይኼ?»
«ጆሮ ደግፍ ነው፤ በራሱ ይጠፋል።»
ከቤታችን አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ ሌላ የለም። አመኑኝ። በአራተኛው ቀን ትንፋሽ አጠረው፤ ቡሬ ሳንደርስ በቃሬዛ ላይ አለፈ።
ዛሬ ለባዮሎጂ መምህራችን የእማን ነገርኳቸው። «ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ሥር ነው። ከመንጋጋ በታች ከሆነ ሌላ የምራቅ ዕጢ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውሰዳት» አሉኝ።
ቦታውን እንኳ አልለየሁም ነበር።
እማ እንቢ አለች። የልጇ አርባ ሳይወጣ ከደጅ አትወጣም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22
አጎቴ አያ ደምሴ የተዝካሩን በግ አረዱ። ጭንቅላቱን ላየው ብዬ ለመንኳቸው።
«ምነው፣ ያንተው አልበቃህም?» አሉ። ሰው ሳቀ።
ከታችኛው መንጋጋ ሥር ቆዳውን ገለጡልኝ። ግራና ቀኝ ለስላሳ ዕጢ። በግ ሲያመሰኳ አፉን የሚያረጥብለት ይኼ ነው። የራሴን መንጋጋ ዳሰስኩ። ምናሉ «እዚህ ጋ ያመኛል» ያለው ልክ እዚያ ነው።
ሥጋውን አልቀመስኩም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23
ተዝካሩ ወጣ። እማ ሰው ፊት አልበላችም።
«ነገ እንሂድ» አልኳት።
«ብሞትስ፣ ወደ ልጄ አይደል የምሄድ?»
«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»
ጮኼባታለሁ። በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም። ነጠላዋን አስተካክላ «እሺ» አለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24
ፍኖተ ሰላም። ሐኪሟ ወጣት ናት። ጓንት አድርጋ ከእማ ምላስ ሥር ዳሰሰች።
«ጠጠር ነው፣ እናቴ። የምራቁን መውጫ ዘግቶታል። ውኃ ጠጪ፣ ሎሚ ምጠጭ። ካልወጣ እናወጣዋለን።» ለሁለት ሳምንት ቀጠረቻት።
እማ አልተነሣችም። «የልጄስ ይኼው ነበር?»
ሐኪሟ ሁሉን ጠይቃ ሰማች። «የእሱ መግል ሳይሆን አይቀርም፤ ወደ ጉሮሮው የወረደ» አለች።
መኪና ስንጠብቅ ለእማ ነገርኳት። ጆሮ ደግፍ እንዳልነበረ። ሳላውቅ እንደተናገርኩ።
«የወለድኩት እኔ» አለች፣ መንገዱን እያየች። «ሐኪም ትቼ ልጅ የጠየቅሁትም እኔ።»
ቡሬ ደረስን። ስንወርድ ክንዴን ያዘች። ለመደገፍ ይሁን ለሌላ፣ አላውቅም። ቤት እስክንደርስ ግን አልለቀቀችውም።