የየካ የበረራ ወዳጆች ክበብ ስለ መምህር ወንድይራድ ወልደ ሐዋርያት ዕረፍት ለአባላቱና ለወዳጆቹ የሚገልጸው

የክበባችን መሥራችና የመጀመሪያው አስተማሪ መምህር ወንድይራድ ወልደ ሐዋርያት ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 12 ቀን 1961 ዓ.ም. ቀበና በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ቤተ ዘመዶቻቸው፣ ያስተማሯቸው ተማሪዎች፣ የክበቡ አባላትና ወሰን የተባለው መንደር ገበሬዎች በተገኙበት በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። ክበባችን የደረሰበትን ከባድ ኀዘን ሲገልጽ፣ በእኚህ ሰው እጅ መማሩንም በኩራት ያስታውቃል።

መምህር ወንድይራድ በ1908 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ ላይ ተወለዱ። አባታቸው በዚያው ባለ ደብር አገልጋይ ነበሩ። ከቤተ ክህነት ትምህርት በኋላ የሞተር ሥራ ተምረው ለረጅም ዓመታት በሙያ ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ የአብራሪነት ፈቃድም አውጥተዋል። ከጎረቤት ልጆች ጋር በማደጋቸው ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገሩ ነበር። ይህ ለክበባችን ምን ያህል እንደ ጠቀመ ከዚህ በታች ይታያል።

በ1948 ዓ.ም. መምህር ወንድይራድ ጥቂት መምህራንን፣ ነጋዴዎችንና የመንግሥት ሠራተኞችን አስተባብረው ይህን ክበብ መሠረቱ። ከወሰን በላይ ያለው ሜዳ መንደርደሪያ እንዲሆን ፈቃድ ጠየቁ፤ ተሰጣቸውም። የክበቡ የመጀመሪያ ንብረት ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ባለ አንድ ሞተር አሮጌ አውሮፕላን ነበረች። አባላት ራሳቸው ቢጫ ቀለም ስለ ቀቧት ስሟ «ቢጫዋ» ሆኖ ቀረ።

በ1949 ዓ.ም. ክበቡ ገና ከመጀመሩ ሊፈርስ ደረሰ። በሜዳው ዳር የሚኖሩት ገበሬ አቶ ዱጋሳ ሰቦቃ አንዲት ላማቸው በሞተሩ ድምፅ ደንግጣ ስትሮጥ ጽንሷ ጨነገፈ። እሳቸውም ከጎረቤቶቻቸው ጋር መጥተው በመንደርደሪያው መካከል ቆሙ፤ ቢጫዋም ልትነሣ አልቻለችም። አንዳንድ አባላት ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሂድ አሉ። መምህር ወንድይራድ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ገበሬዎቹ ሄዱና ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

አቶ ዱጋሳ በኦሮምኛ «ሰማዩን ያዙት፣ ማንም አይከለክላችሁም። ሣሩን ግን ተዉልን» አሏቸው።

መምህር ወንድይራድም በዚያው ቋንቋ «ስለ ላምዎ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሣሩንማ እኛ ምን እናደርገዋለን? ሲረዝም ጎማችን ላይ ይጠመጠማል። ከብቶችዎ ቢግጡልን ለእኛም ይጠቅመናል። እኛ ከብት ሳይሰማራ እንነሣለን፤ ሲሰማራ ሞተር እናጠፋለን» ብለው መለሱ።

አቶ ዱጋሳ ሳቁ። ስምምነቱም ያን ቀን ጸና፤ እስከ ዛሬም ሳይፈርስ ይሠራበታል። ከዚያ ወዲያ ቢጫዋ ጭቃ ውስጥ በተያዘች ቁጥር በበሬ እየጎተቱ የሚያወጡልን እኚሁ ገበሬዎች ናቸው።

በ1954 ዓ.ም. ክበቡ ሁለተኛ አውሮፕላን አገኘ፤ ይህችኛዋ «ሰማያዊዋ» ተባለች። በዚሁ ዓመት የአቶ ዱጋሳ ልጅ ወይዘሪት ጂቱ ዱጋሳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን እንደ ጨረሰች በረራ ለመማር አመለከተች። የሥራ አመራር ኮሚቴው ብዙ ተከራከረ። አንድ አባል «ሴት ልጅ ብትወድቅ ለአባቷ ምን እንላለን?» ብለው ጠየቁ። መምህር ወንድይራድ «ወንድ ልጅ ቢወድቅስ ለአባቱ ምን ልንል ኖሯል?» አሉ። ማመልከቻውም ተቀባይነት አገኘ። አባቷም «እንደ ወሰዳችኋት መልሱልኝ» ብለው ፈቀዱ።

በ1955 ዓ.ም. የመምህር ወንድይራድ የግራ ዓይናቸው ብርሃን መቀነስ ጀመረ። ማንም ሳይጠይቃቸው ኮሚቴው ፊት ቀርበው «ከዛሬ ጀምሮ መሪ አልይዝም» ብለው ፈቃዳቸውን መለሱ። ሰማይ የለመደ ሰው ምድር ላይ ሲቀር ምን እንደሚሰማው ያየናቸው እናውቃለን። ተማሪ ሲነሣ ሜዳው ዳር ቆመው፣ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ሲያዘነብል ትከሻቸውም አብሮ ያዘነብል ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ አንድም የትምህርት ቀን አልቀሩም።

በመስከረም 1956 ዓ.ም. የሆነውን ክበባችን በተለይ መመዝገብ ይወዳል። በዚያ ወር አንድ ጠዋት ወይዘሪት ጂቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ሰንዳፋ ደርሳ እንድትመለስ በቢጫዋ ተነሣች። ስትሄድ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ልትመለስ ስትቃረብ ግን ደመና ከእንጦጦ ተንሸራቶ ወርዶ የካን በሙሉ ሸፈነ። አውሮፕላኖቻችን የመነጋገሪያ ሬዲዮ የላቸውም። እኛ ከታች ሆነን ሜዳውን ፍለጋ ስትዞር የሞተሩን ድምፅ እንሰማለን፤ አናያትም። ድምፁም ቀስ በቀስ ወደ ተራራው እየተጠጋ ሄደ። በደመናው ውስጥ ልውረድ ብትል የሚጠብቃት እንጦጦ ነበር።

መምህር ወንድይራድ በስተ ምሥራቅ ከደመናው ሥር ጠባብ ክፍተት መኖሩን አዩና፣ ያኔ ፈቃድ ካወጣ ብዙ ወራት ያልሞላውን ወጣት አባላችንን ከበበ ኢቲቻን ጠሩት።

«ሰማያዊዋን አስነሣ። አንተ ታበራለህ፣ እኔ ከኋላህ እቀመጣለሁ።»

«መምህር፣ እኔ እንዲህ ባለ አየር በርሬ አላውቅም። እርስዎ ይያዙት» አለ ከበበ።

«እኔ መሪ አልይዝም ብያለሁ፤ ዛሬ ዓይኔ ቢያሳስተኝ የምንጠፋው ሦስታችን ነን። አንተ ደኅና አድርገህ ታበራለህ፤ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ና፣ ልጅቱ ብቻዋን ናት።»

ከበበም ሰማያዊዋን አስነሣ። ከደመናው ሥር ዝቅ ብለው ወደ ምሥራቅ ወጡ፤ ሰማዩ ሲከፈትላቸው ከፍ ብለው በደመናው ላይ ተመለሱ። መምህሩ ከኋላ ሆነው «ቀጥል... አሁን ወደ ግራ... አይዞህ፣ አትቸኩል» ይሉት ነበር። ቢጫዋን ያገኟት አፍንጫዋን ወደ እንጦጦ አዙራ ቁልቁል መውረድ ስትጀምር ነው። ከበበ ከጎኗ ደርሶ ክንፉን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። ወይዘሪት ጂቱም አየች፤ የቢጫዋን አፍንጫ አቀናችና ተከተለቻቸው።

ሁለቱ አውሮፕላኖች ደመና ባልነካው በሰንዳፋ አቅራቢያ በአንድ የግጦሽ መስክ ላይ ዐረፉ። ሰማያዊዋ በደኅና ቆመች። የቢጫዋ ጎማ ግን ረግረግ ውስጥ ሰጥሞ አፍንጫዋ መሬት መታ፤ ፕሮፔለሯ ተሰበረ፣ ክንፏም ተጎዳ። ወይዘሪት ጂቱ አንዳች ሳትሆን ወርዳ እያለቀሰች «መምህር፣ አውሮፕላኗን ሰበርኳት» አለች።

«አውሮፕላን ይጠገናል» አሏት። «ለመሆኑ አንቺ ቁርስ በልተሻል?»

አውሮፕላኖቹን እዚያው ትተው በጭነት መኪና ተሳፍረው ሲመለሱ አቶ ዱጋሳ ሜዳው ዳር ቆመው ይጠብቁ ነበር። ልጃቸውን አቅፈው ብዙ ጊዜ አልለቀቋትም። መምህር ወንድይራድ አንገታቸውን ደፍተው ወቀሳ ሲጠብቁ፣ አቶ ዱጋሳ ቀና ብለው «ደግሞ መቼ ነው የምትወጣው?» ሲሉ ጠየቋቸው። መምህር ወንድይራድ ያን ጊዜ ፊታቸውን ማዞራቸውን በቦታው የነበርን ሁሉ አይተናል።

ከዚህ በኋላ ክበቡ ይዘጋ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። መምህር ወንድይራድ በጉባኤው ላይ ረጅም ንግግር አላደረጉም። ቢጫዋ በገበሬዎቹ ርዳታ ተጭና ቀበና እግቢያቸው እንድትገባ አደረጉ፤ ከዚያም «መጥታችሁ እርዱኝ» ብለው ለአባላት ላኩ። ይዘጋ ያሉትም ሳይቀሩ መጡ። ክረምቱን ጨምሮ እየተፈራረቁ ክንፏን ሲጠግኑ፣ የተሸፈነችበትን ሸራ ሲወጥሩ፣ ሞተሯን ሲፈቱና ሲገጥሙ የመዝጋቱን ነገር የሚያነሣ ጠፋ። ብዙዎቻችን ስለ አውሮፕላን የምናውቀውን የተማርነው በዚያ ግቢ ነው። ቢጫዋ በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ወር እንደገና ተነሣች፤ ያነሣቻትም ወይዘሪት ጂቱ ናት።

ወይዘሪት ጂቱ በዚያው ዓመት ፈቃዷን አወጣች፤ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮም የክበቡ የበረራ አስተማሪ ናት። ከበበ ኢቲቻ ዛሬ የክበቡ ዋና ጸሐፊ ነው። መምህር ወንድይራድ ሕመሙ እስኪጸናባቸው ድረስ አዲስ ተማሪዎችን ስለ ነፋስና ስለ ደመና ከማስተማር አላረፉም። መናገር ሲያደክማቸውም ተማሪዎቹ አልጋቸው አጠገብ ሄደው ይጠይቋቸው ነበር።

የሥራ አመራር ኮሚቴው አርባቸው እስኪወጣ በረራ እንዲቋረጥ ወስኖ ውሳኔውን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለተማርያም ለመንገር ወደ ልቅሶው ቤት ሄዶ ነበር። ወይዘሮ ወለተማርያም ግን አልተቀበሉትም። «እኔ የማለቅሰው ይበቃዋል። ሜዳውን ዘግታችሁ ብትቀመጡ እሱ ደስ የሚለው ይመስላችኋል?» ብለዋል። ስለዚህ ውሳኔው ተሽሯል። በመጪው እሑድ ጠዋት እንደ ወትሮው ትምህርት ይኖራል፤ በዚያ ቀን ሁለት አዲስ ተማሪዎች ይጀምራሉ።

የየካ የበረራ ወዳጆች ክበብ ለወይዘሮ ወለተማርያም፣ ለልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በእጃቸው ላለፉ ተማሪዎች ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን እንዲሰጥልን፣ የመምህራችንንም ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር እንዲያኖርልን ይለምናል። ኀዘኑ የሁላችን ነው።

በመጨረሻም፣ ወይዘሮ ወለተማርያም በዚያው ዕለት ኮሚቴውን አንድ ነገር ጠይቀዋል። በኖሩበት ዘመን ሁሉ አውሮፕላን ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ባለቤታቸው ደጋግመው ቢለምኗቸውም ፈርተው እምቢ ሲሉ ኖረዋል። አሁን ግን «አርባው ከወጣ በኋላ አንድ ጠዋት ውሰዱኝ። ማታ ማታ ሲነግረኝ የኖረውን ልየው» ብለዋል። ኮሚቴው ጥያቄውን በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል። አብራሪዋም ወይዘሪት ጂቱ ዱጋሳ እንድትሆን ወስኗል።

ኅዳር 17 ቀን 1961 ዓ.ም.
የየካ የበረራ ወዳጆች ክበብ የሥራ አመራር ኮሚቴ