ስም የማይጠራበት አየር ማረፊያ

ለምወድሽ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? ሆድሽ እንዴት ነው? እግርሽስ ማበጡን ተወልሽ? ጠዋት ጠዋት የሚያስመልስሽ ነገር ቀለል እንዳለልሽ ስትጽፊልኝ ደስ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ተረከዜን ይጠዘጥዘኛል እንጂ ሌላ የሚከፋ ነገር የለብኝም። ክፍሌም ያችው ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ባሻገር የጎረቤት ግድግዳ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ቶሎ ያልመለስኩልሽ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። በሚቀጥለው ወር ከባለቤትሽ ጋር ወላጆችሽን ልትጠይቁ ስትሄዱ በእኛ አየር ማረፊያ እንደምታልፉ፣ ለስምንት ሰዓት ያህልም እንደምትቆዩ ጽፈሻል። "በመጨረሻ ሁለታችሁን አስተዋውቃችኋለሁ! መንገዱን ደግሞ እንደ ባለፈው ጻፊልኝ" ብለሻል። "እንደ ባለፈው" የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ትራሴ ሥር ከተትኩት።

እንግዲህ ስለ ባለፈው ልንገርሽ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ለሠርግሽ ስትሄጂ እንዲህ ብዬ ነበር የጻፍኩልሽ፤ ከአውሮፕላኑ ስትወርጂ ትልቁ ሰዓት ወዳለበት አዳራሽ ሂጂ፣ ሰዓቱ ሥር ተቀመጪ፣ በረራሽ ሲደርስ ስምሽን በድምፅ ማጉያ ይጠሩሻል፣ እስኪጠሩሽ ድረስ ንቅንቅ እንዳትይ። ደብዳቤዬን ኮትሽ ኪስ ውስጥ ይዘሽ መጣሽ። ያልኩሽንም አንድ ሳታጎድይ አደረግሽ።

በእኛ አየር ማረፊያ የማንም ስም አይጠራም። እኔ ከመቀጠሬም በፊት አይጠራም ነበር። ሰው እንዳይረበሽ ብለው ትተውታል፤ መንገደኛው ሰሌዳውን አይቶ በሩን ራሱ መፈለግ አለበት። ይህንን ሰባት ዓመት ሙሉ በቀን መቶ ጊዜ የምናገረው እኔ ነኝ። ጀርባው ላይ "ጠይቁኝ" ተብሎ የተጻፈበት አረንጓዴ ሰደርያ አጥልቄ የምገተረው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ተሳስቼ አይደለም። ረስቼም አይደለም። በረራው እንዲያመልጥሽ ፈልጌ ነው።

ለምን ብትይኝ፣ ቀንቼ።

"እጮኛዬ የአውሮፕላን መካኒክ ነው፤ አንቺ ጋ ሁለት ዓመት ሠርቷል፣ ታውቂው ይሆን?" ብለሽ የጻፍሽልኝ ጊዜ ፎቶውን አብረሽ ልከሽ ነበር። እዚህ የሠራተኛ መዓት ነው ያለው፣ ከየት አውቀዋለሁ ብዬ መለስኩልሽ። ፎቶውን ግን አስቀረሁት፤ አንቺም አልጠየቅሽኝም። ከዚያ በኋላ ደብዳቤሽ ሁሉ እሱ ብቻ ሆነ። እንዲህ አለኝ፣ እንዲህ አሳቀኝ፣ እንዲህ አድርጎ ያዘኝ። "ካንቺ ጋር ሳወራ የሞተር ጩኸት ከጆሮዬ ይወጣል አለኝ" ብለሽ የጻፍሽልኝን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድ ሁሉ የሚለው ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን ራቴን ትቼ እንደገና አነበብኩት።

በዚህ ሥራ ስንቷን ሙሽራ እጇን ይዤ በሯ ድረስ አድርሻለሁ። በአንዷም ቀንቼ አላውቅም። በአንቺ ግን በጫማሽ ሳይቀር ቀናሁ። ልጅ ሳለን ካንቺ የማልካፈለው ነገር አልነበረም፤ ያን ጊዜ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ።

የዚያን ቀን ከላይኛው ፎቅ መከለያ ኋላ ቆሜ አየሁሽ። ሰዓቱ ሥር ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርሽ። ቀይ ጫማ አድርገሻል። የሠርግ ቀሚስሽን ከሻንጣ ጋር አልሰጥም ብለሽ ፕላስቲኩ እንዳለ ጭንሽ ላይ አስተኝተሽዋል። ከእኔ እስከ አንቺ ሃያ ስምንት ደረጃ ብቻ ነው። በሩ ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። አንዱ ልቤ ውረጂ፣ ውረጂ ይለኛል። በመሃል አንዲት አሮጊት መጡና መጸዳጃ ቤቱ የት ነው አሉኝ። በጣቴ ማሳየት ስችል እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው፣ እስኪወጡም ቆሜ ጠበቅኳቸው። "ደግ ልጅ ነሽ፣ ተባረኪ" አሉኝ። እኔ ደግ!

ስመለስ እዚያው ነሽ። ሰው ባለፈ ቁጥር የሚጠራሽ እየመሰለሽ ቀና ትያለሽ። ሰሌዳው ላይ ከበረራሽ አጠገብ "በሩ ተዘግቷል" የሚለው እስኪበራ ጠብቄ ወረድኩ። የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች ሮጥኳቸው፤ ስፈልግሽ የቆየሁ እንዲመስል።

አንቺስ ምን አደረግሽ? ቀሚሱን ወንበሩ ላይ ጥለሽ አንገቴ ላይ ተጠመጠምሽ። "ሲጠሩኝ ሳልሰማ ቀርቼ ነው፣ የራሴው ጥፋት ነው" እያልሽ አለቀስሽ። "አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር!" አልሽኝ። እኔም እንባሽን በመዳፌ ጠረግኩልሽ፣ ለማግስቱ በረራም ወንበር አስያዝኩልሽ። ከዚያ ለእጮኛሽ ደወልሽለት። ነገሩን ከነገርሽው በኋላ "በል ጓደኛዬን አመስግናት" ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍሽው። ሃሎ አልኩ። ድምፄን ሲሰማ የራሱን ዝቅ አድርጎ፣ "እዚያ ስም እንደማይጠራ እኮ ታውቂያለሽ" አለኝ። ስልኩን መለስኩልሽ። ምን አለሽ ስትይኝ፣ አመሰገነኝ አልኩሽ።

ያ አንድ ቀን ያመጣብሽን ጣጣ ኋላ ከደብዳቤሽ ነው የሰማሁት። የማዘጋጃ ቤቱ የጋብቻ ቀጠሮ አልፎ በሦስት ሳምንት ተገፋ። ከሩቅ የመጡት የእጮኛሽ አባት የሥራ ፈቃዳቸው አልቆ ልጃቸውን ሳይድሩ ተመለሱ። በላክሽልኝ የሠርግ ፎቶ ላይ ባልሽ በቀኙ በኩል የአንድ ሰው ቦታ ትቶ ቆሟል። አንቺ እንደ ቀልድ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። እኔ ግን አንቺን ላስቀር ብዬ ሽማግሌ አስቀረሁ። ምን አድርገውኝ? ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ግን ይቅር በይኝ። እሱ ያወቀውን እስከ ዛሬ አልነገረሽም መሰለኝ። ለምን እንዳልነገረሽ እሱን ጠይቂው።

አሁን የምጽፍልሽ እውነተኛው መንገድ ነው። ካላመንሽኝ አልፈርድብሽም፤ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ ሌላ ሰው ጠይቀሽ አረጋግጪ።

ከአውሮፕላኑ ስትወጡ አብዛኛው ሰው ወደ ግራ ይጎርፋል። አትከተሉት። እሱ ወደ ከተማ መውጫው ነው፤ እዚያ ከተሰለፋችሁ ውጭ ነው የምትገኙት። እናንተ ሁለት አውሮፕላንና ቀስት የተሳለበትን ቢጫ ምልክት ይዛችሁ ወደ ቀኝ። ፍተሻ እንደገና አለ። ውሃሽን ቀድመሽ ጠጥተሽ ጨርሺው፣ ጠርሙሱን ግን አትጣዪው፤ ከፍተሻው ወዲያ ካለው ቧንቧ ትሞይዋለሽ። እርጉዝ መሆንሽን ለፈታሿ ንገሪያት፣ በእጇ ትፈትሽሻለች። ተሽከርካሪ ወንበር ከፈለግሽም ቲኬቱን ስትቆርጡ አሁኑኑ አስመዝግቢ፤ አካል ጉዳተኛ መሰልኩ ብለሽ እንዳታፍሪ፣ መንገዱ ለእግርሽ ሩቅ ነው።

ሰሌዳው ፊት ስትደርሱ የከተማውን ስም አትፈልጊ፤ ወደዚያ በቀን አምስት በረራ አለ። ቲኬትሽ ላይ ያለውን የበረራ ቁጥር ፈልጊ። የበሩ ቁጥር የሚወጣው ከመነሻው አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ነው። ከወጣም በኋላ ይቀየራል፣ ስለዚህ በመንገድሽ ያለውን ሰሌዳ ሁሉ ገልመጥ እያደረግሽ እለፊ። በሩ በሌላኛው ሕንፃ ከሆነ የሚወስዳችሁ ባቡር ነው። ባቡሩ ነጂ የለውም፣ ሰውም አይጠብቅም፤ እንደቆመ ግቡ፣ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ውረዱ። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው በሩን ይዘጉታል። ከዘጉት ብታለቅሺም አይከፍቱልሽም፤ ይህንን አንቺ ታውቂዋለሽ።

እስከዚያ የምታርፉበትን ልንገርሽ። ሰዓቱ ሥር አትቀመጡ። ከመጽሐፍ መሸጫው ጀርባ አንድ ጥግ አለ፤ መስኮቱ አውሮፕላኖቹ የሚጠገኑበትን ሜዳ ያሳያል። ወንበሩ የክንድ መደገፊያ የለውም፣ ጋደም ማለት ትችያለሽ፤ ቅዝቃዜውም አይደርስበትም። ለሁለት ሰው ይበቃል። ያንን ቦታ ለመንገደኛ አሳይቼ አላውቅም።

እኔን እንዳትፈልጉኝ። ፈረቃዬን ከባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬያለሁ፤ የዚያን ቀን አልገባም። አለቃዬ ምን ሆንሽ ቢለኝ ተረከዜን አመመኝ አልኩት።

ሌላ አንድ ነገር ብቻ። ከፍተሻው ወደ አዳራሹ የሚያወርደው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ረጅም ነው። እሱን ትታችሁ በግራ በኩል ባለው አሳንሰር ውረዱ። ባልሽ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ሲቆም ዓይኑን ጨፍኖ ክንድ ጨምድዶ ይይዛል፤ ሰው እንዳይስቅበት ብሎ አይነግርሽም። በዚህ ሁኔታሽ ክንድሽ ላይ እንዲንጠለጠል አልፈልግም። ጠይቂው እንዳትይ፣ ዝም ብለሽ ወደ አሳንሰሩ ምሪው። አንዳንዴ ያስለዋል፤ የፍርሃቱ ነው፣ አትደንግጪ።

ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ። ልጅሽ ጤነኛና ሳቂታ ይሁን፣ ቤታችሁ አይቀዝቅዝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ስሚልኝ። ይህንን አንብበሽ መልስ ብትነፍጊኝም ቅር አይለኝም፤ ቅር የማለት መብቱም የለኝም።

የማትረሳሽ አብሮ አደግሽ